ጫማው ያልገባበት ፎቶ

ረቡዕ፣ ንጋት፤ አዲስ አበባ

ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ። ሐምሌ ነውና ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ አላባራም፤ የሰፈራችን ኮብልስቶን ያንሸራትታል። ባለታክሲው ሻንጣዬን ሲያነሳ ወገቡን ያዘና "ምን ጭነህበት ነው?" አለኝ። "ካሜራ" አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ግን እውነቱም ሙሉ አይደለም። ካሜራዎቹ ለሥራ ናቸው፤ ዶሃ ውስጥ ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች አንድ ቀን እንዳስተምር ተጠርቻለሁ። ጥሪውን የተቀበልኩት ግን በኪሴ ፍላሽ ላይ ላለ አንድ ፎቶ ስል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማድረስ ሲገባኝ ያላደረስኩት ፎቶ ነው።

ለማታውቁኝ አንባቢዎች ልንገራችሁ፤ ጦርነት ነው የማነሳው። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሥራው ሲያወሩለት ያምራል፤ ሲኖሩት ግን አብዛኛው ጊዜ መጠበቅ ነው። መኪና መጠበቅ፣ የይለፍ ወረቀት መጠበቅ፣ በብርድ የደከመ ባትሪ ብብት ውስጥ አሙቆ ጎህ እስኪቀድ መጠበቅ። ግራ ጆሮዬ በደንብ አይሰማም። ምግብ ቤት ስገባ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ በሩን ካላየሁ እህል አይወርድልኝም፤ ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኛል። አንድ ሕግ ግን አለኝ። የሞተ ሰው ፊት አላነሳም። እጁን አነሳለሁ፣ ልብሱን አነሳለሁ፣ የወደቀ ቆቡን አነሳለሁ። ፊቱ የቤተሰቡ ነው።

ደምሌን ያገኘሁት ሰሜን ውስጥ፣ ወታደር የሰፈረበት አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ሳቁ የሚቀድመው። "ፎቶ አንሳኝና ለእህቴ ላክልኝ፤ ዶሃ ናት" አለኝና ቁጥሯን በገዛ እጁ ደብተሬ ላይ ጻፈ። ብርቱካናማ ክር ያለው አዲስ ጥቁር ስኒከር ተጫምቷል፤ እሷ ናት የላከችለት። "ጫማውንም አግባልኝ። እንደደረሰኝ እንድታይ ነው" አለ። እሺ አልኩት። ግን የጠዋቱ ብርሃን ፊቱ ላይ በደንብ አርፎ ነበርና ተጠግቼ ከወገብ በላይ አነሳሁት። "ገባ?" ሲለኝ፣ "ገባ" አልኩት። ለቀናት ኔትወርክ የሚባል አልነበረምና ፎቶው እኔው ጋ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ያንን ጫማ እንደገና አየሁት። አምስት ሰዎች በብርድ ልብስ ተሸፍነው ተኝተዋል፤ ከአንዱ ብርድ ልብስ ስር ብርቱካናማው ክር ይታያል። አነሳሁት። ያ ፎቶ ብዙ አገር ዞረ፤ ብዙ ሰው አደነቀኝ። ከስሩ "ማንነቱ ያልታወቀ ወታደር" ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቤተሰብ ሳይረዳ ስም አይወጣም፤ ይህ የሙያው ሕግ ነው። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ይህ የአገሩ ሕግ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ጀርባ ተደብቄ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ፈርቼ ነው።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ናጅማ

በረራው አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የዶሃና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓቴን አልነካሁትም። ከኤርፖርቱ በር ስወጣ መነጽሬ በእንፋሎት ነጭ ሆነ፤ የካሜራዬ ሌንስም እንዲሁ። ከቀዝቃዛው ክፍል ወደዚህ ሙቀት የወጣ መስታወት ሁሉ ለሩብ ሰዓት ያህል ዕውር ነው።

የጎረቤቴ ወንድም ሐሰን እየጠበቀኝ ነበር። የወሎ ሰው ነው፣ ከሐይቅ፤ ዶሃ ከገባ አስራ አራት ዓመት አልፎታል። ለአንድ የጽዳት ድርጅት ሠራተኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል፤ ዓርብ ዓርብ መኪናው እሱ ጋ ይውላል። "ያላ ግባ፣ ሙቀቱ ሳይጠብስህ!" አለና ሻንጣዬን ወረወረው። ካሜራ ነው ብዬ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም።

ናጅማ ወደሚባለው ሰፈር ሄደን ከረክ ጠጣን። ወተት የበዛበት፣ ሄል የገባበት ሻይ ነው፤ አንዱ ሁለት ሪያል። መንገዱ ጠባብ፣ ሕንጻው አሮጌ፣ በየደረጃው የጫማ ክምር አለ፤ ጫማውን አይቶ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር መገመት ይቻላል። ሐሰን ሻዩን እየነፋ ያየኛል።

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቀየም" አለኝ። "ሰው ሲሞት ካሜራ ደቅነህ እንዴት ትቆማለህ? ሹግል ነው፣ ሥራ ነው እንኳ ቢባል?"

ይህን ጥያቄ ስንቴ ተጠይቄያለሁ። ድሮ ረጅም መልስ ነበረኝ፤ ስለ ታሪክ፣ ስለ ምስክርነት። "አንዳንዴ እረዳለሁ፣ አንዳንዴ አነሳለሁ። ያነሳሁት ነው የሚታወሰኝ" አልኩት። ከዚያ የደምሌን ነገር ነገርኩት። ሐሰን ብርጭቆውን አስቀመጠና የእህትየውን ስም ጠየቀኝ።

"ትርንጎ" አልኩት።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ" አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም፤ ሒሳቡን ከፈለና ተነሳ። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነበት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ናጅማ

ትምህርቱ በስድስት ሰዓት አለቀ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። አንዷ እጇን አውጥታ "የሚያነሷቸው ሰዎች ፎቶውን ያዩታል?" ብላ ጠየቀችኝ። "አንዳንዶቹ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማርኩ በደንብ አላስታውስም።

እዚያው ናጅማ አንድ የፎቶ ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ሕንዳዊ ነው። የደምሌን ፎቶ ትልቅ አድርጌ አሳተምኩና ቡናማ የእንጨት ፍሬም መረጥኩለት፤ በጠቅላላው ስልሳ ሪያል። በስልክ ልኬ የምገላገለው ፎቶ አልመሰለኝም። ይህን ያህል ካዘገየሁት በክብር ይድረሳት አልኩ። ሽማግሌው መስታወቱን በጨርቅ ሲወለውል የደምሌ ሳቅ እየጠራ መጣ። ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ፤ ሽማግሌውም ከሥራው ቀና ሳይል ወንበር ገፋልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወልኩላት። ሐሳቤ በስልክ ቀጠሮ መያዝ ብቻ ነበር፤ ሌላውን ሰው ባለበት፣ እንደ ወጉ፣ ፊት ለፊት ልነግራት። አነጋገሯ ሹክሹክታ ነው። አል ቱማማ በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራለች፣ የምታድረውም እዚያው ነው።

"ፎቶ አንሺው ነኝ። ወንድምሽን ደምሌን ሰሜን አግኝቼው ነበር። ቁጥርሽን እሱ ነው የሰጠኝ።"

"ደምሌን?! ውይ ጋሼ! መቼ? ስልክ የማይገባበት ቦታ ነው ይሉኛል ከቤት፤ ድምፁን ከሰማሁ እኮ ሁለት ዓመቴ! ከሳ? ወፈረ?"

ይህን አልጠበቅኩም። ቤተሰቡ እስካሁን ሰምቶ፣ እሷም በሆነ መንገድ ተረድታ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ። "እኔም ያየሁት ያኔ ነው፤ ፎቶ አንስቼዋለሁ" አልኩ።

ከኋላዋ አንድ ሕፃን "ሰዓዳ! ሰዓዳ!" እያለ ይጮኻል። "እኔን ነው" አለች እየሳቀች፤ "ደላላው በሰው ስም ነው ፓስፖርት ያወጣልኝ፤ እዚህ ሰዓዳ ነኝ። ፎቶውን በዋትሳፕ ይላኩልኛ፣ አሁኑኑ ልየው!"

"አይ፣ ትልቅ አድርጌ አሳትሜዋለሁ። በመስታወት፣ በፍሬም ነው። በእጄ አመጣልሻለሁ።"

የሰሃን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ውኃ ሲፈስ። "እሺ ጋሼ" አለች። "ነገ ዓርብ ነው፣ እረፍቴ ነው። እሺ።" ስልኩ ተዘጋ። እንዲህ በቀላሉ ማለቁ ገረመኝ፤ እንዲያውም እፎይ አልኩ።

ሐሙስ፣ አመሻሽ፤ ኡም ጉዋይሊና

ሐሰን "ከመንገርህ በፊት አንድ ሰው ማየት አለብህ" ብሎ እትዬ ዘምዘም ጋ ወሰደኝ። ሃምሳዎቹን የተሻገሩ የወሎ ሴት ናቸው፤ ስምንት ሆነው በሚኖሩበት ክፍል እንደ እናት የሚታዩት እሳቸው ናቸው። ትርንጎም ዓርብ ዓርብ እዚያ ነው የምትውለው። ፍሬሙን በጋዜጣ እንደተጠቀለለ አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

"እኛ የማናውቅ ይመስልሃል?" አሉኝ ዝግ ብለው።

አፈጠጥኩ።

"ከሰማን ዓመት ሊሞላን ነው። ጓዶቹ ለእናቱ አረዱ፣ ለቅሶው ተለቀሰ፣ ተዝካሩም ወጣ። እናቱ ደውለው 'ልጄን እዚያ በሰው አገር እንዳታረዱብኝ፤ ለእረፍት ስትመጣ እጄ ላይ ትረዳ' ብለው ለመኑን። እረፍቷን ማዳሟ ሁለቴ አራዘመችባት። እኔ በየዓርቡ ፊቷን እያየሁ እስቃለሁ። ይኼ ሐሰን ለወንድሟ የምትልከውን ዕቃ ለአገር ተጓዥ ሰጠሁ እያለ ይዋሻል፤ መኪናው ወንበር ስር ሞልቷል።"

ሐሰን ወለሉን ያያል። ትናንት ሻይ ቤት ለምን ዝም እንዳለ ያኔ ገባኝ።

"አሁን አንተ መጣህ" አሉ። "ደወልክላት?"

"ደውያለሁ። ፎቶ አመጣልሻለሁ ብቻ ነው ያልኳት። ስለ ሞቱ ትንፍሽ አላልኩም።"

"ኸላስ፣ በቃ" አሉ። "ከዚህ በላይ መደበቅ ግፍ ነው። ለእናቷ እኔ እነግራቸዋለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ በመኪናው።"

በመኪናው ያሉት አልገባኝም ነበር፤ ስንወርድ ሐሰን አስረዳኝ። በእነዚህ ክፍሎች ግድግዳው ስስ ነው፤ ሰው ጮኾ ካለቀሰ ጎረቤት ይነሳል፣ የሕንጻው ዘበኛ ይመጣል፣ ከተፈቀደው በላይ የሆነው የክፍሉ ሰው ቁጥር ይታወቃል። ስለዚህ መርዶ ሲመጣ የእሱ ሚኒባስ ናት የለቅሶ ቤት። መስኮት ይዘጋል፣ እሱ ይነዳል፣ እነሱ ያለቅሳሉ። እስከ ዛሬ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ ጠየቅኩት። "መቁጠር ትቻለሁ" አለኝ።

ዓርብ፣ ንጋት፤ አል ቱማማ

አምስት ሴቶች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ጥቁር አባያ ለብሰዋል። በዚህ ከተማ ጥቁር የዘወትር ልብስ ስለሆነ ማን እንዳዘነ በልብስ አይለይም። እትዬ ዘምዘም ሽምብራና ስንዴ በሩዝ መቀቀያ አብስለው ንፍሮውን በላስቲክ ይዘዋል። እኔ ከፊት፣ ፍሬሙን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ። ጎዳናው ባዶ ነው። የስታዲየሙ ነጭ ጣሪያ ከሩቅ ይታያል፣ ከዚያ ግንብ፣ ከዚያ የቪላ በር፣ ከዚያ ሌላ ግንብ። ሐሰን ትርንጎን ዓርብ ዓርብ ከሚወስድበት የብረት በር ፊት ቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። ከዚህ በላይ አደገኛ በሆኑ በሮች ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤ እንዲህ ግን አልፈራሁም።

በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ሴት ወጣች። ሳቁ ባይኖርበትም የደምሌ ፊት ነው። እሷም አባያ ለብሳለች፤ ከላዩ ላይ ግን ነጠላ ደርባለች፣ አዘቅዝቃ።

እትዬ ዘምዘም አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው።

"እትዬ ዘምዘም፣ አይቸገሩ" አለች በሩን ይዛ እንደቆመች። "ከትናንት ጀምሮ አውቄያለሁ።"

ወደ እኔ ዞረች፤ ንዴት የለባትም፣ ድካም ብቻ። "ጋሼ፣ በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ እኮ በዋትሳፕ ነው የሚመጣው። አሳትመው፣ መስታወት አልብሰው በእጅ የሚያመጡት ለለቅሶ ነው። የአባቴን ያመጡልን እንደዚያ ነው።"

ሁለት ዓመት ሙሉ መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ዝም ያልኩት ሰውዬ፣ በስልክ ነገርኳት። ለዚያውም ሳላውቀው፣ አክብሬያት መስሎኝ።

"ትናንት ማዳም እንግዳ ነበራት" አለች ገብታ እየተቀመጠች። "አስራ አራት ሰው። ሩዙን ሠራሁ፣ ሻይ ቀዳሁ፣ ሰሃን አጠብኩ። ባባ፣ ባሏ፣ 'ሰዓዳ፣ ዛሬ ሩዙ ጣፍጧል' አለኝ። ሹክረን አልኩት። እዚያ ቤት ለማን ብዬ አለቅሳለሁ?"

ሐሰን መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋ። "በቃ እህቴ" አለ፣ "አሁን አልቅሺ።" ነዳው።

ያ ለቅሶ ምን እንደሚመስል አልጽፍም። እትዬ ዘምዘም ደረታቸውን እየደቁ "ዓመት ሙሉ ዋሸሁሽ ልጄ፣ ዓመት ሙሉ!" ይላሉ፤ ትርንጎ እናቷን ትጠራለች። ከውጭ ብታዩን ጭር ባለ መንገድ ቀስ ብላ የምትሄድ ነጭ የሠራተኛ ሚኒባስ ናት። በኋላ ማሳያው መስታወት የሴቶቹን እጆች አየሁ፣ እርስ በርስ የተያያዙትን፣ የማለዳው ብርሃን የወደቀባቸውን፤ እጄም ሳላዘው ወደ ካሜራ ቦርሳው ሄደ። የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ነው። ራሴን ተጸየፍኩት። ቦርሳውን በእግሬ ወንበር ስር ገፋሁና እኔም አለቀስኩ።

ባሕሩ ዳር ደርሰን ስንቆም ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። ትርንጎ ፍሬሙን ተቀበለችኝ። ጋዜጣውን ቀድዳ እንደ ወጉ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ ከዚያ ዝቅ አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው። በጣቷ ጺሙን ነካች። ወደ ታች፣ ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ወረደችና ቆመች።

"ጫማውስ?"

ልዋሽ እችል ነበር። "አግባልኝ ብሎኝ ነበር" አልኩ። "አላገባሁትም። ፊቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ማርኮኝ ቆረጥኩት። ገባ ወይ ሲለኝ፣ ገባ ብዬ ዋሸሁት።"

እትዬ ዘምዘም ዝም በል በሚል ዓይን አዩኝ። ትርንጎ ግን ራሷን ነቀነቀች። "ጫማው ያለበትን አውቀዋለሁ" አለች። "ያኔ ስልኬ ላይ መጥቶ አይቼዋለሁ፤ ያ ብርድ ልብስ ያለበት። ክሩን ሳይ ልቤ ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ጫማ ዶሃ ሱቅ ሁሉ ሞልቷል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግን ጥቁሩን ክር አውጥቼ ብርቱካናማውን ያስገባሁት በገዛ እጄ ነው ጋሼ። ከሩቅ እንዲታይ ብዬ።"

ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎ ነዎት ያነሱት?"

"እኔ ነኝ።"

"ታስሮ ነበር?"

"ጥብቅ አድርጎ አስሮት ነበር።"

"አልገፈፉትም?"

"አልገፈፉትም። ሲቀበር ቆሜያለሁ። ጫማው እግሩ ላይ ነበር።"

ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ትንሽ ወረደ፤ ከሁሉም ጭንቀቷ አንዱ የተነሳላት መሰለኝ። "እግሩ ብርድ አይወድም" አለች።

ንፍሮውን በመዳፋችን እየዘገንን ቀመስን። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ "እዚያ ፎቶ ስር ማንነቱ ያልታወቀ ይላል" አለችኝ። "እርስዎ ያውቁት ነበር አይደል?"

"አውቀው ነበር።"

"እንግዲያው ስሙን ይጻፉበት። እኔስ እሺ፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ያለው የሰው ስም ነው፤ ለእንጀራ ብዬ አቤት እላለሁ ሲጠሩኝ። እሱ ግን ስም አለው። ጽፈው ይላኩልኝ።" ትንሽ አሰበችና "አሁን በዋትሳፕ ይሆናል" አለች።

ቅዳሜ፤ አዲስ አበባ

ቦሌ ስንወርድ እየዘነበ ነው። ሻንጣዬ ሲሄድ ከነበረው ከብዷል። ሐሰን ዓመት ሙሉ ወንበር ስር የደበቀውን አስረክቦኛል፤ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ጃኬት፣ አራት ጥንድ ካልሲ። እናትየው ጋ እኔው ራሴ ላደርሰው ቃል ገብቻለሁ፤ በፊታቸውም የምለው አለኝ። የጉምሩክ ሠራተኛዋ ሹራቦቹን አገላብጣ "የአንተ ነው?" አለችኝ። "የአደራ ነው" አልኳት።

ቤቴ ገብቼ እርጥብ ጫማዬን ሳላወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። በየአገሩ የተሰራጨውን መሰብሰብ አልችልም፤ እኔ ጋ ያለውን፣ ሥራዬን የማሳይበት ገጽ ላይ ያለውን ግን እችላለሁ። "ማንነቱ ያልታወቀ ወታደር" የሚለውን አጠፋሁ። ከባዶው መስመር በላይ ያለውን፣ ብዙ ሽልማት ያመጣልኝን ፎቶ እያየሁ ቆየሁ፤ ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ደምሌ አያሌው፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ። ጫማውን እህቱ ትርንጎ ከዶሃ ልካለታለች፤ ብርቱካናማውን ክር ያስገባችው እሷ ናት።"

ላክሁላት። ያን ቀን መልስ አልመጣም፣ በማግስቱም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ በአማርኛ የተጻፈ ሁለት መስመር ነው።

"ደርሶኛል ጋሼ። ለማዳም አሳየኋት፤ ወንድሜ ነው አልኳት፤ ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩላት።"